የአያቷን ግድግዳ ቀለም ፍለጋ፦ ሐረር ውስጥ የአንድ 3ኛ ክፍል የሥዕል ትምህርት

«ቲቸር፣ ቡኒ ሆነብኝ!»

ልጅቷ ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች። የፈለገችው ወይን ጠጅ ነበር። የአያቷ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው። የግቢው ግድግዳ ከሮዝና ከወይን ጠጅ መሃል የሆነ ቀለም አለው። በዓል ሲመጣ ሴቶቹ ያድሱታል። እሱን ልትስል ነበር። ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቁ ወይን ጠጅ ይሆናሉ ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እንደተባለችው አደባለቀች። ወረቀቷ ላይ የወጣው የቡና አተላ ነው።

ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁ። ልጆቹ 54 ናቸው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። አሥራ ስምንቱም ዴስክ ላይ ያለው ውሃ ቡኒ ነው። ወረቀቱ ቡኒ፣ እጁ ቡኒ፣ የአንዳንዱ ፊትም ቡኒ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሳምንት ያህል የሠራነውን እጽፋለሁ። የተሳካውንም ያልተሳካውንም።

የኔ ቤት

ትምህርት ቤታችን ከጀጎል ግንብ ብዙ አይርቅም። የሥዕል ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፤ 40 ደቂቃ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው። ውሃ የማይመጣበት ቀን ስለሚበዛ በጀሪካን እናስቀምጣለን።

እስከዚያ ድረስ ሥዕል የማስተምረው ራሴ በተማርኩበት መንገድ ነበር። ሰሌዳ ላይ ቤት እስላለሁ፤ አጠገቡ ዛፍ፣ ከላይ ፀሐይ። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ጣሪያ ቀይ፣ ቅጠል አረንጓዴ፣ ፀሐይ ቢጫ። በንጽሕና የገለበጠ 10 ከ10 ያገኛል።

አንድ ቀን ደብተር ስሰበስብ ደነገጥኩ። የሁሉም ቤት ጣሪያ ሾጣጣ ነው። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጀጎል ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ በሆነ የድንጋይ ቤት። ከበራቸው ሲወጡ የሚያገኙት ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ግድግዳ። ሲስሉ ግን የሚስሉት የኔን ቤት ነው። እኔም እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ኖሬ አላውቅም። ከልጅነት ደብተሬ ይዤው የመጣሁት ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰሌዳውን ትቼ ቀለሙን ልስጣቸው አልኩ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሦስት ጠርሙስ የውሃ ቀለም ገዛሁ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ነጩን በኋላ ነው የጨመርኩት። ለ54 ልጅ ብሩሽ መግዛት አልችልም። መላውን ያመጣችው አንዲት ልጅ ናት፦ መፋቂያ። ጫፉ ሲታኘክ ይበጣጠስና ብሩሽ ይሆናል። በየጠዋቱ ጥርሳችንን የምንፍቅበት ነገር ነው፤ ለኔ ግን አልታየኝም ነበር። ውሃ መያዣው ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ሆነ። መደባለቂያው የሃይላንድ ክዳን።

የመጀመሪያው ቀን ስህተቴ ሦስቱንም ቀለም ባንዴ፣ ለሁሉም፣ ከብዙ ውሃ ጋር መስጠቴ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ፊት ሦስት ቀለም ካስቀመጡለት ሦስቱንም ይነካል። እኔም ብሆን እነካለሁ።

ቡኒውን አልጣልነውም

በሚቀጥለው ሳምንት የደረቁትን ወረቀቶች ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው። ያፈሩበት ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ ዝም አሉ። «አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ፈልጉልኝ» አልኳቸው። ተነሥተው ፈለጉ። አጡ። አንዱ ወደ ቀይ ያደላል፤ አንዱ ወደ አረንጓዴ፤ አንዱ ጥቁር ለመሆን ምንም አልቀረው።

እንግዲያው ስም እናውጣላቸው ተባባልን። በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ክፍለ ጊዜ የለም። የተቆላ ቡና። ያልተቆላ ቡና። ሽሮ። የግመል ጀርባ። ዝናብ የመታው ግንብ። የጅብ። አማርኛችንም ቀለምን የሚሰይመው እንዲሁ ነው። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን። ወይን ጠጅማ መጠጥ ነው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር አንድ ልጅ ቢጫ በነሱ «ኬሎ» እንደሚባል ነገረን። ኬሎ ቢጫዋ አበባም ናት አለ። ስም አውጪነቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቃቸውም።

ቀጥሎ ወደኋላ ተመለስን። ቡኒ የሚመጣው መቼ ነው? ሦስቱ ሲገናኙ። እንግዲያው ሁለት ብቻ። በቢጫና በሰማያዊ ጀመርን።

ይህን የሚያነብ አስተማሪ ካለ እዚህ ላይ ይቆይልኝ። ቢጫ በቀላሉ የሚሸነፍ ቀለም ነው። ሰማያዊ ኃይለኛ ነው። እኩል እኩል ሲደረጉ የሚወጣው ጠቆር ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፤ ልጁም «አረንጓዴ አልሆነም» ይላል። ስለዚህ ፈዛዛው ይቅደም። ቢጫውን ክዳኑ ውስጥ ማድረግ፤ ሰማያዊውን በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነኩ መጨመር። ከያንዳንዱ ንክኪ በኋላ ካርቶን ላይ አንድ ነጥብ መቀባት፤ ከሥሩ ቁጥሩን መጻፍ። አንድ ንክኪ የሎሚ ልጣጭ ሆነ። ሦስት የሰላጣ ቅጠል። ስምንት የጫት ቅጠል አሉት። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይበለው? ነጥቦቹ ተርታ ሲደረደሩ እንደ መሰላል ይታያሉ። ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ያውቃል። ቀለምም አይባክንም።

በነጭም ሕጉ ያው ነው። ነጩ ይቅደም፣ ቀዩ ጠብ ይበልበት። ሁለት ዴስኮች በግልባጩ ቀይ ላይ ነጭ እየጨመሩ ሮዝ ሲጠብቁ ግማሽ ጠርሙስ ጨረሱብኝ።

እርዱ ተቆጣ

ቢጫው ቀድሞ አለቀ። እርድ በውሃ በጥብጠን ትንሽ ኮላ ጨመርንበት። ጥሩ ቢጫ ወጣው።

ነጭ እያለቀ ነው ያልኩትን የሰማ ልጅ ቤታቸው ሲቀባ የተረፈ ኖራ በፌስታል ይዞ መጣ። ሊረዳኝ ነው። ሳላየው እርዱ ላይ ጨመረው። ፈዛዛ ቢጫ ሲጠብቅ ክዳኑ ውስጥ ያለው እንደ ደም ቀላ። ክፍሉ ተንጫጫ።

መጀመሪያ ኖራውን ተቀበልኩትና እጁን በብዙ ውሃ አስታጠብኩት። ኖራ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ልጅ ሊነካው አይገባም። ቀለሙ የተለወጠበት ምክንያት ግን ደስ የሚል ነው። እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ እንደ ኖራና እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሲያገኘው ወደ ቀይ ይዞራል። ሎሚ ሲጠብበት ይመለሳል። ነጭ ልብስ ላይ አልጫ ወጥ ጠብ ብሎበት በሳሙና ያጠበ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። በሚቀጥለው ሳምንት በኖራው ፋንታ በሳሙና ውሃ ደገምነው። ቀላ። ሎሚ ጠብ አደረግንበት። ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሎሚ በኪሱ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ ጠፋ።

ይህ ከመደባለቅ የተለየ ነገር ነው። ልዩነቱን እንዴት ላስረዳ ብዬ ስጨነቅ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ ሁለቱም እዚያው አሉ። እርዱ ግን ተቆጣ።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ቀዩ ምን ነበረበት?

ወደ አያቷ ግድግዳ ልመለስ። ልጅቷ አልተወችውም። ቢጫ እንዳይነካው ክዳኑን አጥባ፣ መፋቂያዋን ቀይራ፣ ቀይና ሰማያዊ ብቻ አደረገች። ያው ቡኒ። በሁለተኛው ሳምንትም ቡኒ። «ቲቸር፣ አንቺ ነሽ ይሆናል ያልሽው» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

መልሱን ያገኘሁት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የፈተና ወረቀት ላባዛ ሄጄ ልጁ ፕሪንተር ላይ ቀለም ሲሞላ አገኘሁት። አራት ጠርሙስ። ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሳያን የሚሉት ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚሉት ደማቅ ሮዝ። ቀይ የለም። «ቀይ ስትፈልግስ?» አልኩት። «ማጀንታና ቢጫ ነዋ» አለኝ፤ ቀና እንኳ ሳይል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም ማለት ብርሃን የሚበላ ነገር ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል፤ እኛ የምናየው የመለሰውን ነው። የኛ ቀይ የቲማቲም ቀይ ነበር፤ ወደ ብርቱካን ያደላ። እሱ አረንጓዴውንም ሰማያዊውንም ብርሃን ይውጣል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ቀዩን ብርሃን ይውጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ለዓይን የሚተርፍ ምን አለ? ጨለማና ቡኒ። ማጀንታ ግን የሚውጠው አረንጓዴውን ብቻ ነው፤ ቀዩንም ሰማያዊውንም ይመልሳል። ወይን ጠጅ የሚወጣው ከሱ ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ውሸት አልነበረም፤ የትኛው ቀይ እንደሆነ ግን አልተናገርኩም። መጽሐፉም አይናገርም።

ልጁ በመሙያ ሲሪንጁ ጥቂት ማጀንታ ቀድቶ ሰጠኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። በማግስቱ ነጭ ላይ ማጀንታ፣ ከዚያ ሰማያዊ በክብሪት ጫፍ አደረግን። ልጅቷ ምንም አላለችም። ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ አየችው።

የፕሪንተር ቀለም ልብስ አይለቅም። ይህን የተማርኩት በማግስቱ ነው። አንዲት እናት ሸሚዝ በእጇ ይዛ መጣች። «አቦ ቲቸር፣ ይሄ በምን ይለቃል? አንቺ ታጥቢልኛለሽ?» እኛ ሐረር አንቱታ ብዙም የለም፤ ቁጣውም ፍቅሩም በአንቺ ነው። ጥፋቱ የኔ ስለነበር ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ልጅ የትልቅ ሰው አሮጌ ሸሚዝ ከፊት ወደ ኋላ ገልብጦ ይለብሳል። መጀመሪያውኑ ማሰብ ነበረብኝ።

እናትየው ግን ቶሎ አልሄደችም። ገመዱ ላይ የተሰቀሉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ አየች። ቤቷን በየዓመቱ የምትቀባው ራሷ ናት። ኖራ ላይ ቀለም ሲጨመር እርጥቡ ጠቆር ብሎ እንደሚታይ፣ ሲደርቅ ግን በጣም እንደሚነጣ ነገረችን። እሷ መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ትቀባና ታድራለች። «እርጥቡን አትመኚው። ጠዋት ተመልሰሽ እዪው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ሕግ ይህ ሆነ፦ ያልደረቀ ቀለም ላይ አይፈረድም።

ቁርጥራጭ ጨርቅ

መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ከሰፊዎቹ አንድ ፌስታል ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ መጣሁ። ለእያንዳንዱ ዴስክ አንድ ቁራጭ ሰጠሁ፤ ሥራው ያንን ቀለም ደባልቆ ማግኘት፣ ሲደርቅ ጨርቁን አጠገቡ አድርጎ ማየት ነው። ቀላል ይመስላል። ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደ። አረንጓዴ ያሉት ጨርቅ ውስጥ ቀይ እንዳለበት፣ ነጭ ያሉት ክሬም እንደሆነ ያዩት ያኔ ነው።

እኔም አንድ ነገር አየሁ። ለወራት «አትሰማም» እያልኩ የምቆጣው አንድ ልጅ ነበር። አረንጓዴ ሥራ ስለው ቡኒ ያመጣል። ሆን ብሎ የሚያበላሽ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን አረንጓዴ ጨርቅ ከቡኒ ነጥብ አጠገብ አስቀምጦ «ገጠመ!» አለኝ፤ ፊቱ በደስታ እያበራ። እውነቱን ነበር። ለሱ ገጥሟል።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ። ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው፤ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። ለቤተሰቡ ነግሬ ዓይን ሐኪም እንዲያየው መከርኩ። የክዳኖቹን ስም በወረቀት ጽፈን ለጠፍን። ልጁ የደማቅና የፈዛዛ ልዩነትን ከሁላችንም በተሻለ ያይ ነበር፤ በነጭና በጥቁር የሠራው ሥዕል አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። ያ ሁሉ ቁጣዬ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪዎች ይህን ነገር ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ሰባተኛው በር

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ አምስት በር ነበረው፦ ሹዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው። ስድስት ሆኑ። «ሰባተኛውን እናንተ ክፈቱ» አልኳቸው። «ወዴት ነው የሚያስወጣው?» ሁለት ሕግ ብቻ። ከጠርሙስ የወጣ ቀለም እንዳለ አይቀባም። የተደባለቀው ቀለም ስሙና መጠኑ ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፋል።

አሥር ደቂቃ ማንም ምንም አልነካም። «ቲቸር፣ ምን እንሳል?» ብዙዎቹ ያንን የኔን ሾጣጣ ቤት ሳሉ። በጣም አዘንኩ። ልጅን «የፈለግከውን ሳል» ማለት ነፃነት ይመስላል፤ ለለመደው ሰው ነው እንጂ ላልለመደው ባዶ ሜዳ ላይ መተው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ይዤ መጣሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይሸታል? ሰዓቱ ጠዋት ነው ማታ? ማን ነው ቆሞ የሚጠብቅህ?

የሽታው ጥያቄ በሩን ከፈተው። አንዱ በር ወደ ቡና መቁያ አስወጣ፤ ያፈሩበት ቡኒ ተፈልጎ ተሠራ። ሌላው የሞተች አያቱ ወዳለችበት ጓሮ። አንዲት ልጅ ወደ ባሕር ከፈተችና ባሕር አይታ ስለማታውቅ «ምን ቀለም ነው?» አለችኝ። «ሰማያዊ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና «ያንቺ ባሕር ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልኳት። «ማታ። አጎቴ ጅቡቲ በማታ ነው የደረሰው።» ባሕሯ ጥቁር ወይን ጠጅ ሆነ፤ ጠርዙ ላይ አንድ መስመር እርድ።

አንዱ ደግሞ አረንጓዴ ጅብ ሳለ።

ሐረር ልጅ ጅብ አያውቅም አይባልም። ማታ ከግንቡ ውጪ ሥጋ ሲበሉ አይተዋል፤ ሌሊት በሰፈር ሲያልፉም ይሰማሉ። ስለዚህ ክፍሉ ሳቀበት። «ጅብ አረንጓዴ አይደለም!» እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ላርመው ነበር። በፊት ቢሆን አርመው ነበር። «ለምን አረንጓዴ አደረግከው?» አልኩት።

«ማታ ነው ያየሁት። ባጃጁ ሲያበራበት ዓይኑ ብቻ ነው የታየኝ። ሌላው አልታየኝም። ስለዚህ ሁሉንም በዓይኑ ቀባሁት።»

ሳቁ ቆመ። የጅብ ዓይን በጨለማ መብራት ሲያርፍበት በእርግጥም ወደ አረንጓዴ ያበራል። ይህ ልጅ ከሁላችንም በላይ ያየውን ነው የሳለው። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ጽሑፍ፦ «ቢጫ 1 ክዳን፣ ሰማያዊ 2 ንክኪ፣ ነጭ ትንሽ። ስሙ፦ አየኝ።»

ማርክ አሰጣጡ አስቸግሮኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህ ሁሉ ፈተና ላይ አይመጣም አለኝ። አይመጣም። «ያምራል» በሚል ማርክ መስጠት ግን ተውኩ። ቀለሙ ፊቱ ላይ፣ መጠኑ ጀርባው ላይ ያለባቸው ካርዶች ዴስክ ይቀያየራሉ። ሌላው ዴስክ ከጀርባው ባለው መጠን ቀለሙን መልሶ ማግኘት ከቻለ ጸሐፊው ሙሉ ማርክ አለው። ካልቻለ ሁለቱ ተቀምጠው የት ላይ እንደተሳሳቱ ይነጋገራሉ።

በአሥረኛው ሳምንት ልጅቷ የደረቀ ካርዷን ይዛ አያቷ ቤት ሄደች። ግድግዳው ላይ ለጥፋ አይታው ተመለሰች። የተደሰተች አትመስልም።

«አልገጠመም?» አልኳት።

«ገጥሟል። ግን ቲቸር፣ ግድግዳው ሁለት ነው። ፀሐይ የሚመታው ጋ ይነጣል፣ በሩ ሥር ደግሞ ይጠቁራል።»

ካርዷን ገለበጠችው። «ነጭ 1 ክዳን፣ ማጀንታ 4 ጠብታ፣ ሰማያዊ 1 ንክኪ። የፀሐይ ጎን» ይላል። ከሥሩ «የጥላ ጎን» ብላ ጽፋ ፊቱን ባዶ ትታለች።

ሲሪንጁ ውስጥ የቀረው ማጀንታ ትንሽ ነበር። ሰጠኋት።